ኮፍያቸውን አውልቀው የሚጠሩ የውሃ አባት

ረቡዕ፣ ጥር 21 ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ የውሃ አባት ይማም ከግራና ገበያ የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቅ መንደር፣ በገዛ ቤታቸው ዐረፉ። ሰዓቱን የነገረችኝ አጠገባቸው የነበረችው የልጅ ልጃቸው ሐያት ናት። ለሁለት ሳምንት ያህል ሳንባቸውን ታመው ነበር። ጀናዛቸው በዚያው ዕለት ከዙሁር ሶላት በኋላ ወጣ።

ስልኩ ሲደወል ወልድያ ሥራ ላይ ነበርኩ። በሚኒባስ መርሳ፣ ከመርሳ በሌላ መኪና ግራና ደረስኩ፤ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። የመንደሩ ዕድር፣ ቅሬው፣ ድንኳኑን ተክሎ፣ ሰዉ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። የሐያት ባል አባት የሆኑት ገበሬ ሙሄ ቦታ ለቀቁልኝ።

«መጣህ?» አሉኝ። «ዛሬ የሚጠራን የለም።»

የውሃ አባት ማለት የመስኖን ውሃ በተራ እንዲያካፍል ገበሬው ራሱ የሚመርጠው ሰው ነው። ደመወዝ የለውም። ሲያዳላ የተገኘ ይሻራል። አያ ይማም ግን ሳይሻሩ እስከ ሕመማቸው ድረስ ቆዩ። ስንት ዓመት እንደሆነ ጠይቄያቸው አላወቁትም። ዕድሜያቸውንም አያውቁትም። «መሬት ለአራሹ ሲባል ሁለት ልጆች ነበሩኝ፤ አንተው ደምረው» አሉኝ።

ያወቅኋቸው በሥራ ነው። በምሠራበት ሬዲዮ ስለ መስኖ ዝግጅት እንድሠራ ታዘዝኩና አንድ ንጋት ቦዩ ራስ ላይ አገኘኋቸው። ቦዩ ከወንዙ ይነሣና ላይ ግቢ የሚባለውን የድሮ የባላባት ቤት ታኮ፣ በሸንኮራ አገዳና በማንጎ መካከል ቁልቁል ይወርዳል። ሰባት መክፈቻዎች አሉት። እያንዳንዱ ገበሬ በተራው ቀን የራሱ መክፈቻ ላይ አካፋውን ይዞ ይጠብቃል። ከላይ ሆኖ ማንም አይታይም። ስለዚህ የውሃ አባቱ ቦዩ ራስ ካለው ድንጋይ ላይ ወጥቶ መክፈቻውን በስሙ ይጠራል። ከታች ያለው ሰው መልሱን ይመልሳል። ከመለሰ ውሃው ይለቀቅለታል። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ካልመለሰ ተራው ያልፈዋል።

ስሞቹ ለጆሮ እንግዳ ናቸው። የመጀመሪያው ሲጠራ «ጠላቴ ይየኝ!» ይባላል፤ ከታች «ይፈር!» የሚል ይመጣል። ሦስተኛው «ማን እንደ ጌታዬ!» ነው፤ መልሱ «ማንም!» ነው። ሰባተኛውና የመጨረሻው «ምን ጎደለ!» ይባላል፤ የሚመለሰው «ሁሉ ሙሉ!» ነው።

አንድ ወጣት ገበሬ በዚያን ቀን ሲያሾፍባቸው ሰምቻለሁ።

«አያ ይማም፣ በዚህ ዘመን መጮህ ምንድን ነው? ይደውሉልና!»

«ስደውልልህ አልጋህ ላይ ሆነህ ‹መክፈቻው ላይ ነኝ› ትለኛለህ» አሉት። «ስጮህ ግን ከየት እንደመለስክ ጆሮዬ ያውቃል።»

አንድ ነገር ዐየሁ፤ ማስታወሻዬም ላይ ጻፍኩት። በጠሩ ቁጥር ነጩን ኮፍያቸውን ያወልቃሉ። መልሱ ከመጣ በኋላ ይደፉታል። ሰባት ጊዜ ጠሩ፣ ሰባት ጊዜ አወለቁ። ንጋቱ ብርዳም ነበር። አጠገቤ የነበረውን ገበሬ ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ልማዳቸው ነው» አለኝ። «ላብ ይሆናል።»

ላብ እንዳልነበረ ዐይቻለሁ። ግን እሳቸውን አልጠየቅሁም። የዚህ ታሪክ የመጀመሪያው ስሕተት የኔ ነው። ዝግጅቱ ቅዳሜ ተላለፈ። ጥሪና መልሱን «የሐብሩ ገበሬዎች የጥንት የውሃ ግጥም» ብዬ አቀረብኩት። ብዙ ሰው ወደደው። እሑድ ጠዋት ስልኬ ጠራ።

«ሰማሁት» አሉ አያ ይማም።

«እንዴት ነበር?»

«ድምፄ ሸጋ ነው። ወሬው ግን ልክ አይደለም።»

«የቱ ጋ?»

«ግጥም ያልከው ጋ። ግጥም አይደሉም፤ ሰዎች ናቸው። ይሄ በስልክ አይሆንም፣ ና።»

በማግስቱ ሄድኩ። ከላይ ግቢ የፈረሰ አጥር አጠገብ፣ ሾላው ሥር ተቀመጥን። ቤቱ ዛሬ የማዳበሪያ መጋዘን ነው። አያ ይማም ሲናገሩ ዓይናቸው ከቦዩ አይነሣም ነበር።

«ይህን ቦይ ያስቆፈረው የዚህ ግቢ ጌታ ነው» አሉ። «የቆፈሩት ባሮቹ ናቸው። ያኔ ባሪያ ሲገዛ የእናት የአባቱ ስም ይቀራል። ጌታው ሌላ ያወጣለታል፣ ግማሹን። የቀረውን ግማሽ ባሪያው ሲጠራ ይመልሳል። ‹ማን እንደ ጌታዬ!› ሲሉት ‹ማንም!› ይላል። ሰባቱም የየራሳቸው የቦይ ቁራጭ ነበራቸው። ጌታው እዚህ ሾላ ሥር ተቀምጦ በየተራ ይጠራል፣ እነሱ ከጉድጓዱ ውስጥ ይመልሳሉ። ያልመለሰ ተኝቷል ማለት ነው፤ ይገረፋል። እነሱ ሲሞቱ ስማቸው ለቦዩ ቀረ። ያኔ የነበረ ያውቅ ነበር። ዛሬ የሚመልሰው ሁሉ የቦይ ስም ይመስለዋል።»

«እርስዎ እንዴት ዐወቁ?»

«ሰባተኛዋ ሴት ናት» አሉ። «ጭቃ ተሸካሚ ነበረች። ቆፋሪው ሲሞት አካፋውን ለሷ ሰጧት። አያቴ ናት።»

ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«ይሄን የነገርኩህ እንድታወራው አይደለም። ግጥም አትበላቸው ለማለት ነው። ሐያት ለሙሄ ልጅ ታጭታለች። የሰው አፍ ታውቃለህ።»

ዐውቅ ነበር። በዚህ አገር መሬት ለሁሉም ከተከፋፈለ ቆይቷል፤ ገበያውም ቅሬውም አንድ ነው። ለጋብቻ ሲሆን ግን ዘር ቆጣሪ አይጠፋም። የባሪያ ልጅ መባል የሚፈራው ለዚህ ነው። ያለበት ሰው ሁሉ ይደብቀዋል፤ የደበቀው ይሞታል፣ ነገሩም አብሮት ይሞታል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አጭር እርማት አስተላለፍኩ። «ግጥም ያልነው ስሕተት ነው፤ የሰዎች ስሞች ናቸው» አልኩ። የማን እንደሆኑ አልተናገርኩም። ለራሴ ግን ማረጋገጥ ነበረብኝ፤ አያ ይማም ራሳቸው «ያልሰማኸውን አትመን፣ የሰማኸውንም ሁለቴ ጥራው» ይሉ ነበር። ከላይ ግቢ ባላባት ቤት የተወለዱ አንዲት አሮጊት ወልድያ እንደሚኖሩ ሰማሁና ሄድኩ። ስማቸውን እንዳልጠቅስ ቃል ገብቻለሁ። ሰባቱን ስሞች አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። አራቱን አላስታወሱም። ለሁለቱ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰባተኛው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«‹ምን ጎደለ› በጀርባዋ አዝላኛለች» አሉ።

«መልሱስ ምን ነበር?»

«ሁሉ ሙሉ።» በሹክሹክታ ነው ያሉት።

«የወላጆቿን ስም ያውቃሉ? ማለቴ የራሷን ስም?»

«እኔ እንጃ» አሉ። «ማንም ጠይቋት አያውቅም።»

ስለዚህ ከሰባቱ ሦስቱን በሁለት ሰው ቃል አረጋግጫለሁ። አራቱ በአያ ይማም ቃል ብቻ የሚቆሙ ናቸው።

በዓመቱ ቦዩ በሲሚንቶ እንዲሠራ ተወሰነ። ገበሬው ሲለምነው የኖረ ነገር ነው፤ ከሚመጣው ውሃ ብዙው መንገድ ላይ ይሰምጥ ነበር። ስብሰባው የተደረገው እዚያው ሾላው ሥር ነው። እኔም ለዜና ተገኘሁ። ኢንጂነሩ ወረቀቱን ዘርግቶ አስረዳ። መክፈቻዎቹ ብረት ይገጠምላቸዋል፣ በእያንዳንዱም ላይ ከአንድ እስከ ሰባት ቁጥር ይጻፋል፤ ተራውም ከእንግዲህ በቁጥር በሰሌዳ ላይ ይወጣል አለ። ጭብጨባ ሆነ።

አያ ይማም ተነሡ።

«ቁጥሩን ጻፉ» አሉ። «ስሙንም ጻፉ።»

«የምን ስም?» አለ ኢንጂነሩ።

ሙሄ ከኋላ ጣልቃ ገቡ። ሰባተኛው መክፈቻ የሳቸው ነው፤ ጨዋታም ያውቃሉ። «አያ ይማም ለቦይም ሰደቃ ሊያወጡ ነው እንዴ! ምነው፣ የዘመድዎ ስም ነው?»

ሰዉ ሳቀ። አያ ይማም ኮፍያቸውን አወለቁ። ሳይጠሩ ሲያወልቁት ያየው ሁሉ ሳቁን አቋረጠ።

«አዎ፣ ሙሄ። ያንተ መክፈቻ የአያቴ ነው።»

ከዚያም ለኔ የነገሩኝን ለሁሉም ነገሩ፤ ሰባቱን ከነመልሳቸው። ድምፃቸው አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ኢንጂነሩ ወጣት ነው፤ ነገሩን ለማለዘብ ሞከረ።

«ጥሩ ነው እንግዲህ፣ አባቴ… ‹የግቢው አገልጋዮች የሠሩት ቦይ› ብለን አንድ ሰሌዳ ብናደርግስ?»

«አገልጋይ ሲመረው ይሄዳል፣ ልጄ» አሉት። «እነሱ መሄጃ አልነበራቸውም። ባሪያ በለው። ነውሩ የነሱ አይደለም።»

እጅ ይነሣ ተባለ። አብዛኛው ሰው እጁን አነሣ፣ ጥቂቱ መሬት መሬቱን አየ። ስሞቹ እንዲጻፉ ተወሰነ። ሙሄ እጃቸውን አላነሡም፤ አካፋቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ማንንም ሳይሰናበቱ ወረዱ። አያ ይማም ኮፍያቸውን የተቀመጡበት ድንጋይ ላይ ረስተው ሲሄዱ ከሴቶቹ መካከል የነበረችው ሐያት አንሥታ ተከተለቻቸው።

መንገድ ላይ ደረስኩባቸው። ለምን አሁን ተናገሩ፣ የልጅቱስ ነገር አልኳቸው።

«እሷን ሳልጠይቅ ነው የሚመስልህ?» አሉኝ።

ሐያት ራሷ መለሰችልኝ። ግብርና ተምራ መርሳ ትሠራለች፤ ስትናገር እንደ አያቷ ቀጥ ያለች ናት። «ተደብቆ የተበላ ሠርግ ተደብቆ ይፈርሳል ብዬዋለሁ» አለች። «ሙሄ ልጃቸውን ካስቀሩት ያስቀሩት። አሁን ይሻላል፣ ሦስት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ከመስማት።» ይህን ስትል ግን የአያቷን ኮፍያ በሁለት እጇ ትጠመዝዘው ነበር።

ተራው በየስምንት ቀኑ ይዞራል። ከስብሰባው በኋላ በነበረው ተራ ተገኝቻለሁ። አያ ይማም ከአንደኛው እስከ ስድስተኛው ጠሩ፤ ሁሉም መለሱ። አንዳንዱ ድምፁ ቀስ ብሏል፣ ግን መልሷል። ሰባተኛውን ጠሩ።

«ምን ጎደለ!»

መልስ የለም። ሁለተኛ ጠሩ። ሦስተኛ ጠሩ። ሙሄ እዚያ እንደነበሩ ከጎናቸው ያለው ገበሬ ነግሮኛል፤ አካፋቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር።

«ይልቀቁላቸው፣ አያ ይማም» አለ አንዱ። «ሽንኩርቱ አፍላ ነው፣ ይደርቃል። ደግሞም አማችዎ ናቸው።»

«ካለ ይመልሳል» አሉ። «ካልመለሰ የለም። ለአማችም ሕጉ ያው ነው።»

ውሃው ሰባተኛውን አልፎ ወደ ወንዙ ተመለሰ። በሁለተኛው ተራም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው እኔ አልነበርኩም፤ እንዲሁ መሆኑን ከሦስት ሰዎች ሰምቻለሁ። የሙሄ ሽንኩርት ጫፉ ቢጫ መሆን ጀመረ። ከሙሽራው ቤት ወደ ሐያት ቤት የመጣ ሽማግሌም፣ የሄደም አልነበረም። ልጁ በየቀኑ ይደውልላት እንደነበር ሐያት ነግራኛለች። «እሱ ይደውላል፣ አባቱ ዝም ይላል፤ በሁለቱ መካከል ሽንኩርት ደረቀ» ብላ ሳቀች። ዓይኗ ግን አልሳቀም።

በአራተኛው ተራ ንጋት ድንጋዩ ጋ ስደርስ ሙሄ ቀድመውኝ ቆመዋል። እኔን እንዳላዩ ሆነው ንግግራቸውን ቀጠሉ።

«እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ባሪያ ሆኜ ስመልስ ኖሬያለሁ ማለት ነው፣ አያ ይማም?»

«እኔስ?» አሉ እሳቸው። «እኔ ጌታ ሆኜ ስጠራ ኖሬያለሁ። የራሴን አያት።»

ሙሄ ኮፍያውን አዩት። ገና አልወለቀም ነበር።

«ለዚያ ነው የሚያወልቁት?»

«እንደ ጌታው እንዳልጠራቸው ብዬ ነው። ሌላ መጥሪያ የለኝም፤ የቀረልን ይሄ ነው። ጮክ ብዬ ካልጠራሁ ይጠፋሉ፣ ስጠራ ደግሞ የጌታው አፍ ይሆንብኛል። ምን ላድርግ? ራሴን ገልጬ እጠራለሁ።»

ሙሄ ወደ መክፈቻቸው ወረዱ። አያ ይማም ስድስቱን ጠሩ። ለሰባተኛው ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ምን ጎደለ!»

«ሁሉ ሙሉ!» የሚል ድምፅ ከታች መጣ። ወዲያው ደግሞ፣ «ከሽንኩርቴ በቀር!»

በቦዩ ሙሉ ሳቅ ተሰማ፤ ከሸንኮራው ውስጥ፣ ከማንጎው ሥር፣ ከማይታዩ ሰዎች። አያ ይማም ኮፍያቸውን ደፍተው «ልቀቁለት፣ ይሄን ቀልማዳ» አሉ። ስድስተኛው ላይ የነበረው ገበሬ በኋላ እንደነገረኝ፣ ሙሄም ሲመልሱ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር። በዚያው ሳምንት ሦስት ሽማግሌዎች ይዘው ወደ ሐያት ቤት መጡ። ሠርጉ ከረመዳን በኋላ ተደረገ።

ሲሚንቶው በበጋው አለቀ። ግንበኛው ስሞቹን ሳይደርቅ በምስማር ጻፋቸው፤ ቁጥሩ ከላይ፣ ስሙ ከታች። ውሃ ከመለቀቁ በፊት በነበረው ቀን አያ ይማም ጠሩኝና ሰባተኛው መክፈቻ ጋ ወሰዱኝ። ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። ከደረት ኪሳቸው ባዶ ወረቀት አወጡ።

«አንድ ስም እነግርሃለሁ፤ ጻፍልኝ። ፊደሉ እንዳይሳሳት።»

ነገሩኝ፣ ጻፍኩ። የአያታቸው የራሷ ስም ነው፤ ከመሸጧ በፊት እናቷ ያወጣችላት። እሷ ለልጇ ነግራ፣ ልጇ ለአያ ይማም ነግራቸዋለች። ግንበኛው ከወረቀቱ እያየ በመክፈቻው የውስጥ ግድግዳ፣ ውሃ በሚሸፍነው በኩል በመሮ ፈልፍሎ ጻፈው።

«በውጭ ለምን አይሆንም?» አልኳቸው።

«በውጭ የተጻፈውን ስም ሰው ሁሉ ይጮኸዋል። ይጩኸው፣ እንዳይረሳ። ይሄ ግን አይጮህም። ቦይ በሚጠረግበት ቀን ብቻ ይታያል፤ ያኔ የሚጠርገው ሰው በቀስታ ያንብበው።»

በሬዲዮም እንዳልናገረው ጠየቁኝ። እዚህም አልጽፈውም።

ከቀብራቸው በኋላ በነበረው ቅዳሜ፣ ጥር 24 ቀን፣ ተራ ነበር። ገበሬዎቹ አዲስ የውሃ አባት ገና አልመረጡም። ድንኳኑ ውስጥ «እስከዚያ ማን ይጥራ?» ሲባል ሙሄ «ሐያት ትጥራ» አሉ። አንድ ሽማግሌ ሴት ጠርታ አታውቅም አሉ። «ሴትም ቆፍራ አታውቅም ይሉ ነበር» አሏቸው ሙሄ። በዚሁ ተስማሙ።

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ሐያት ድንጋዩ ላይ ወጣች። ጫማዋን አውልቃ ከሥር አስቀመጠች። መጀመሪያ ስትጠራ ድምፅዋ ተሰበረ፤ ከታች ያለው ግን ሰምቶ «ይፈር!» አለ። ሁለተኛውን ጠራች፣ ሦስተኛውን ጠራች። ስድስቱም መለሱ።

«ምን ጎደለ!» አለች።

«ሁሉ ሙሉ!» አሉ ሙሄ።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ላይ ውሃው ሰባተኛው መክፈቻ ደረሰ።